ሐዋሳ፦ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ለመወራረድ ያሰባችሁ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት እዚህ ግቡ

ፔዳል_ሐዋሳ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የብስክሌት ውድድሩ ቱር ደ ፍራንስ ሰኔ 27 ባርሴሎና ላይ በቡድን የሰዓት ሙከራ ይጀምራል፣ ሐምሌ 19 ፓሪስ ላይ ያልቃል። ፒያሳ እየተሰበሰብን የምናይ ልጆች አምና የምንወራረደው በማኪያቶ ነበር። ዘንድሮ ግማሹ ሰው ውድድሩን ትቶ ስለ ኦድ (ካሸነፍክ ብርህን የሚያባዛው ቁጥር) ነው የሚያወራው። አንዱማ «ፖጋቻር ስንት ይከፍላል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የአምናው አሸናፊ ፖጋቻር ሰው ይሁን ቡድን የሚያውቅ አይመስለኝም።

አትወራረዱ ልል አይደለም። እኔም አስይዛለሁ። ሜዳ በሜዳ የሆነ 200 ኪሎ ሜትር፣ ለሦስት ሰዓት ምንም የማይፈጠርበት ቀን፣ ኪስ ውስጥ የ20 ብር ቲኬት ካለ ዓይን አይከደንም። ግን እግር ኳስ ላይ የለመድነውን አቆራረጥ ይዘን ከገባን ሐምሌ ሳያልቅ እኛ እናልቃለን። ኳስ ላይ መልሱ ሦስት ነው፦ ያሸንፋል፣ ይሸነፋል፣ እኩል ይወጣል። እዚህ ግን ጠዋት ከ170 በላይ ሰው ይነሳል፣ ማታ አንድ ሰው እጁን ያነሳል።

እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? ስንት ታስይዛላችሁ፣ ምን ዓይነቱ ላይ፣ መቼስ ትተዋላችሁ?

የታቦር_ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡25

እኔ ቢኒ (ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ) ላይ ብቻ ነው የምቆርጠው። በቃ። ኦዱንም አላየው።

ሒሳብ_በደረቁ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡02

የታቦር ልጅ፣ በልብ መወራረድ መብትህ ነው፤ ዋጋውን ግን እወቀው። ካቻምና (በፈረንጆች 2024) ቢንያም ግርማይ ቱሪን ላይ አሸነፈ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጨመረ፣ የነጥብ መሪው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ይዞ ጨረሰ። በልቡ የቆረጠ ሁሉ ያኔ አዋቂ መስሎ ነበር። አምና የመጀመሪያው ቀን ሊል ላይ ሁለተኛ ወጣ፤ ፊሊፕሰን ቀደመው። ከዚያ ሦስቱን ሳምንት አንድም ቀን አላሸነፈም። ያው ሰው፣ ያው እግር። ሊል ላይ «ያሸንፋል» ያልክ ተበላህ። «ከአንድ እስከ ሦስት ይገባል» ያለው ግን በትንሽ ኦድ ገንዘቡን ወሰደ። ለምትወደው ሰው መቁረጥህ ካልቀረ፣ ቢያንስ ይህን ዓይነቱን ቁረጥለት።

አሁን ስለ ኦዱ፣ አላየውም ስላልክ። ሁለት ተወዳዳሪ ፊት ለፊት ገጥመው «ማን ቀድሞ ይገባል» ተብሎ ለሁለቱም 1.85 ወጣ እንበል። እኩል ናቸው ማለት ነው። አንዱ ላይ 100፣ ሌላው ላይ 100 ብታስይዝ 200 ከፍለህ 185 ትቀበላለህ። ማንም ያሸንፍ፣ 15 ብሯ የቤቱ ናት። በየመቶ ብሩ 7 ብር ከ50 ማለት ነው።

ይህ ለአንድ ምርጫ ነው። አምስት ምርጫ አንድ ቲኬት ላይ ስታስር ቅነሳው በራሱ ላይ ይባዛል፤ በአማካይ ከ100 ብርህ 68 ገደማ ነው የሚመለሰው። አስር ካሰርክ 46። ቲኬቱ ግርጌ ላይ ግን ከ46,900 ብር በላይ ተጽፎ ታያለህ፣ እሱ ነው ዓይንህን የሚይዘው። የመምታት ዕድልህ ከ1,024 አንድ ነው። «የዛሬው ቀን አሸናፊ ማን ነው» የሚለው ረጅም የስም ዝርዝር ላይ ደግሞ የቤቱ ድርሻ ከፊት ለፊቱ ይበልጣል። ስም ሲበዛ መደበቂያው ይበዛል።

ሐይቅ_ዳር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሃሃሃ መምህር፣ ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ ይቆርጣል? የኛን ደስታ በሁለት አንቀጽ ቀበርከው።

ሒሳብ_በደረቁ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡14

ኧረ ቁረጥ። እኔም እቆርጣለሁ። 7 ብር ከ50ዋን የመዝናኛ ዋጋ አድርገህ ከከፈልካት ችግር የለም። ችግሩ እንደ ደሞዝ ጭማሪ ስትጠብቃት ነው።

ቲኬት_ቆራጭ_ነበርኩ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡40

እኔ ውርርድ ቤት ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ (የት እንደሆነ ይቅር)። ስለ ብስክሌት ብዙ አላውቅም። እኛ ቤት ቲኬቱ ሁሉ ኳስ ነበር፤ ብስክሌት የሚፈልግ ሰው በስልኩ ነበር የሚቆርጠው። ስለሚቆርጡት ሰዎች ግን አውቃለሁ።

አንድ የባጃጅ ልጅ ነበር። ሁለት ኪስ ነበረው፦ የሱሪው የራሱ ነው፣ የደረቱ ማታ ለባጃጁ ባለቤት የሚያስረክበው። ከሱሪው ሲያወጣ ይቀልዳል፣ «እህቴ ዛሬ ካሸነፍኩ አሳ እጋብዝሻለሁ» ይላል፣ ቲኬቱን ይዞ በር ላይ ቆሞ ከጓደኞቹ ጋር ይከራከራል። እጁ ወደ ደረት ኪሱ የሄደ ቀን ድምፁ ይጠፋል። ሰላምታ የለም። ቲኬቱን አጥፎ ሳያነበው ነው የሚወጣው። ጨዋታ መሆኑ ያበቃው እዚያች ላይ ነው፣ ከመበላቱም በፊት። እኔ ብዙ ሰው ላይ ያየሁት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የሚጠፋው ብሩ አይደለም፣ ወሬው ነው።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ፔዳል፣ ብስክሌቱ ስንት ሰዓት ነው የሚያልቀው?

ፔዳል_ሐዋሳ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡46

አብዛኛው ቀን ማታ 12፡30 አካባቢ በኛ አቆጣጠር። ተራራ ሲሆን አንዳንዴ ትንሽ ይገፋል።

ቲኬት_ቆራጭ_ነበርኩ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡58

በሉ እንግዲህ ያስፈራኝ እሱ ነው። ዘንድሮ እኮ የዓለም ዋንጫም እስከ ሐምሌ 12 አለ፣ በኛ ሰዓት ማታና ሌሊት። 12፡30 ላይ ብስክሌት የበላው ሰው ራት ሳይበላ ኳስ አለለት። «በዚህኛው ላስመልስ» ማለት ነው የሚቀረው። የማያውቃቸው ሁለት ቡድኖች ላይ፣ በማያውቀው ሰዓት፣ እጥፍ ብር። የብስክሌቱን ገንዘብ ከኳሱ ገንዘብ ካልለያችሁ ማኪያቶውም አይተርፋችሁ።

ጋሽ_ቸርኬ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ልጆች እንደምን አደራችሁ። እኔ ዕድሜዬን ብስክሌት ስጠግን የኖርኩ ነኝ። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ለአገራችን ሲወዳደር የሰማነው በሬዲዮና በወሬ ነበር። ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን በቴሌቪዥን አየነው። እናንተ አሁን በስልካችሁ ሁሉን ታያላችሁ፤ ግን ከውድድሩ በፊት ኦዱን ነው የምታዩት።

የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው። ማታ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ የነገውን መንገድ እዩ። መጨረሻው ሜዳ ነው ወይስ ዳገት? ሜዳ ከሆነ ንፋሱ ከየት ነው? አምና ሊል ላይ ዳገት አልነበረም፣ ግን የጎን ንፋስ አብሮ የሚሄደውን መንጋ ቆረጠው፤ ኤቨነፑልና ሮግሊች ኋላ ቀርተው 39 ሰከንድ አጡ። ተራራ ሳይነካ! ይህን ያየ ሰው ባይወራረድም ተደስቶ ነው የሚውለው። በሯጭ (ሜዳ ላይ መጨረሻውን በፍጥነት በሚበረው) እና በዳገት ወጪ መካከል ያለውን ልዩነት ሳታውቁ ብር አታውጡ። እሱን ለመለየት አንድ ሳምንት ማየት በቂ ነው።

መውደቅ ደግሞ አለ። ፊሊፕሰን አምና የመጀመሪያውን ቀን አሸንፎ፣ በሦስተኛው ቀን አረንጓዴውን ለብሶ ሳለ ወደቀ፣ አጥንቱ ተሰበረ፣ ወደ ቤቱ። ለሦስት ሳምንት የተቆረጠ ቲኬት በሦስት ቀን አለቀ። ሚያዝያ 2024 በፈረንጆች፣ ባስክ አገር ላይ ቪንጌጎርድ፣ ሮግሊችና ኤቨነፑል በአንድ ቁልቁለት ላይ አንድ ላይ ወደቁ። ሦስቱም ተመራጮች። የትኛው ሒሳብ ነው ይህን የሚያውቀው?

የታቦር_ልጅ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡41

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ግን ፖጋቻርስ? እሱ አይወድቅም፣ አይሸነፍም። ሙሉ ቱሩን እሱ ላይ ባስይዝ ምን አለበት?

ሒሳብ_በደረቁ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡15

አራት ጊዜ አሸንፏል፦ 2020፣ 2021፣ 2024፣ 2025። ስለዚህ ኦዱ ጭራሽ ትንሽ ነው። 1.30 ነው እንበል፤ 1,000 ብርህን ሦስት ሳምንት አስረህ 300 ለማትረፍ ነው። እና በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ሁሉ ጉንፋን እንዳይዘው እየጸለይክ ነው የምታድረው።

በ2020 ሮግሊች ከመጨረሻው ቀን በፊት ባለው ቀን ጠዋት 57 ሰከንድ ይመራ ነበር። ያን ቀን ሁሉም ሰው «አለቀ» ብሎ ነበር። ማታ የአጠቃላይ መሪው ቢጫ ማሊያ ፖጋቻር ላይ ነበር። እርግጠኛ የሚባል ነገር ኖሮ ቢሆን ኦድ አያወጡለትም ነበር።

መስከረም ላይ የኪጋሊውን የዓለም ሻምፒዮና አይተህ ከሆነ የሴቶቹን ታስታውሳለህ። ካናዳዊቷ ማግዳሌን ቫሊየር የዓለም ሻምፒዮን ትሆናለች ብሎ የተነሳ ሰው አላውቅም። ተመራጮቹ እርስ በርስ ሲጠባበቁ እሷ ሄደች። የወንዶቹን ግን ያው ፖጋቻር ወሰደ፤ ከ267 ኪሎ ሜትር በኋላ የጨረሱት 30 ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ሳምንት ሁለቱንም ያሳየሃል።

ዝም_አልልም | እሑድ፣ ከቀኑ 6፡30

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላበላሽ ነው። «በኃላፊነት ተወራረዱ» የሚለውን ራሳቸው ውርርድ ቤቶቹም በትንሽ ፊደል ማስታወቂያቸው ላይ ይጽፉታል። ቤታችን ውስጥ የዕቁብ ብር በዚህ ሄዷል። የማን እንደሆነ አልናገርም። እናቴ ዕጣው ወጥቶላት ለጣሪያ ቆርቆሮ ያስቀመጠችው ነበር። «ትንሽ ነው የማስይዘው» ሲል የነበረ ሰው ነው። እና ጥያቄዬ፦ ትንሽ ማለት ስንት ነው? ማን ይለካዋል?

ሐይቅ_ዳር | እሑድ፣ ከቀኑ 6፡38

አይዞሽ እህቴ።

ፔዳል_ሐዋሳ | እሑድ፣ ከቀኑ 7፡05

ዝም አልልም፣ ምንም አላበላሸሽም፤ የክሩ ጉዳይ ይኸው ነው። እኔ ትንሽን የምለካው እንዲህ ነው፦ ቱሩ ሳይጀምር፣ ደሞዝ በወጣ ማግስት፣ የቤት ኪራይና አስቤዛ ከወጣ በኋላ። 21 ቀን ነው፣ በቀን 20 ብር፣ 420 ብር። እሱን በጥሬው አወጣና ፖስታ ውስጥ አደርገዋለሁ። ቴሌብር ላይ ካለ ወሰን የለውም፣ ጣት ነው የሚከፍለው። ፖስታው ካለቀ አለቀ። ቀን ካለፈኝ 20ዋ ለነገ አትደመርም። ካሸነፍኩ ያሸነፍኩት ወደ ፖስታው አይመለስም፣ ወደ ቤት ይሄዳል። ፖስታው ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ የቆረጥኩትንና ምክንያቱን እጽፋለሁ፦ «ዳገት መጨረሻ፣ ቡድኑ ትኩስ ነው»። ምክንያት መጻፍ ካልቻልኩ አልቆርጥም።

ሚስቴ ፖስታው የት እንዳለ ታውቃለች። እሷም አንዳንዴ ትመርጣለች፤ የምትመርጠው በማሊያው ቀለም ነው፣ ያናደደኝም እሱ ነው፣ ከኔ ትበልጣለች።

ቲኬት_ቆራጭ_ነበርኩ | እሑድ፣ ከቀኑ 7፡20

ሚስት የምታውቀው ፖስታ። እኔ በሠራሁበት ቤት ደንበኛው ሁሉ ይህ ቢኖረው ግማሹ አይመጣም ነበር።

ዝም አልልም፣ ያ ሰው አሁንም እየቆረጠ ከሆነ በምክር ብቻ አትድከሚ። ከቤት ሰው ተደብቆ፣ ተበድሮ የሚወራረድ ሰው «ከነገ ጀምሮ ትንሽ ብቻ» አይሆንለትም፣ ጨርሶ መተው ነው የሚያዋጣው። ኦንላይን ሒሳቡን እንዲዘጉለት ራሱ መጠየቅ ይችላል። ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄዶ ማነጋገር ደግሞ ነውር አይደለም። ዕዳውን ግን ቶሎ አትክፈሉለት፤ የተከፈለለት ዕዳ አዲስ ማስያዣ ሲሆን አይቻለሁ።

ዝም_አልልም | እሑድ፣ ከቀኑ 7፡44

ይህን የመጨረሻውን ማንም አልነገረንም ነበር። አመሰግናለሁ።

የታቦር_ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡50

አንድ ነገር ልጠይቅ። ውድድሩ እየሄደ እያለ መቁረጥስ? ተራራው ላይ ማን እንደደከመ እያየሁ ነው የምቆርጠው፣ አያዋጣም?

ሒሳብ_በደረቁ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

አንተ የምታየው ሥርጭት ከእውነቱ በብዙ ሰከንድ ይዘገያል። ሰውየው ሲደክም አንተ ሳታየው ኦዱ ተቀይሯል። ኦዱ ድንገት ካማረህ፣ የሆነ ሰው ያንተን ስክሪን ሳይጠብቅ አንድ ነገር አይቷል ማለት ነው። ይልቅ ያን ጊዜ ስልኩን ገልብጠህ ጠረጴዛ ላይ አድርገህ ተራራውን እይ። ዘንድሮ አልፕ ደዌዝ የሚባለው ዝነኛ ዳገት ሁለት ቀን ተከታትሎ አለ፤ እዚያ ላይ ስልክ የሚያይ ሰው ይታዘንለታል።

ሐይቅ_ዳር | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡12

ውድድሩ ቢቋረጥስ ብሩ ምን ይሆናል? አምና ነሐሴ መጨረሻ በስፔኑ ዙር ቩዌልታ ላይ ቢልባኦ አሸናፊ ሳይኖር ቀረ አይደል፣ በተቃውሞው ምክንያት።

ፔዳል_ሐዋሳ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

አዎ፣ ሰዓቱን 3 ኪሎ ሜትር ሲቀር ወስደው የቀኑ አሸናፊ የለም አሉ። የማድሪዱ መጨረሻ ቀንም ሳያልቅ ቆመ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቀኑ አሸናፊ ላይ የተቆረጠ ብዙ ጊዜ ያስያዝከው ይመለሳል፤ ግን እንደየቤቱ ደንብ ነው። ተወዳዳሪህ ሳይነሳ ቢቀርም እንደዚያው፤ አንዱ ይመልሳል፣ አንዱ ተበላህ ይላል። ደንቡን አንብበው ቁረጡ፤ ካሸነፋችሁ የሚቆረጠውንም ግብር።

አወያይ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

በግል መልእክት ሁለት ሰዎች ስለጠየቁኝ፦ በከተማችን የሚደረጉ የክለብና የታዳጊዎች ውድድሮች ላይ ውርርድ እዚህ መድረክ ላይ አይደራጅም። 16 ዓመት የሆነው ልጅ ላይ 500 ብር ያስያዘ ሰው ከመንገድ ዳር ቆሞ ምን እንደሚለው ማሰብ ነው። ፈቃድ ያላችሁ ተወዳዳሪዎችና አሠልጣኞች ደግሞ በዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ደንብ ብስክሌት ላይ መወራረድ የተከለከለ ነው፤ ቱሩንም ጨምሮ።

ጋሽ_ቸርኬ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

አወያይ ተባረክ። እነዚያ ልጆች ጎማቸውን እኔ ዘንድ ነው የሚያስለጥፉት፤ በቂ ጭንቀት አለባቸው።

ልጆች፣ እኛ በድሮ ጊዜ ያደረግነውን ልንገራችሁ? ዕጣ ነበር የምናወጣው። ስም በወረቀት ጽፈን ባርኔጣ ውስጥ። የደረሰህ ሰው ያንተ ነው፣ ብትወደውም ባትወደውም።

ፔዳል_ሐዋሳ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጋሼ፣ ይህን እናድርገው! እንዲህ ቢሆንስ፦ እያንዳንዱ ሦስት ዕጣ ያወጣል፤ አንድ ከቢጫ ማሊያ ተመራጮች፣ አንድ ከሯጮች፣ አንድ ከቀሩት። ሰውህ ቀኑን ካሸነፈ 5 ነጥብ፣ ሁለተኛ 3፣ ሦስተኛ 2። ቢጫውን ለብሶ ላደረ በየቀኑ 1። ገንዘብ የለም። ሐምሌ 19 መጨረሻ የወጣው ሰው አሞራ ገደል ሁላችንንም አሳ ያበላናል፣ ከዱለት ጋር።

ሒሳብ_በደረቁ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡09

የቤቱ ድርሻ ዜሮ። ገባሁ። ግን ሰው ሲበዛ አንድ ሰው ላይ አሳው ይከብዳል፤ መጨረሻ ሦስቱ ይካፈሉት።

የታቦር_ልጅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡12

ቢኒ ሌላ ሰው እጅ ቢወድቅ ልግዛው እችላለሁ?

ሐይቅ_ዳር | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡13

አትችልም።

ዝም_አልልም | ሰኞ፣ ከቀኑ 5፡30

ገንዘብ ከሌለ እኔም አለሁ። ሰውዬ ወድቆ ውድድሩን ቢያቋርጥስ? ሌላ ዕጣ ይወጣል?

ጋሽ_ቸርኬ | ሰኞ፣ ከቀኑ 5፡52

ያገኘው ነጥብ ይቆያል፣ ሌላ ዕጣ ግን የለም። ባለ ዕጣውም በዕጣው ይጸናል።

ፔዳል_ሐዋሳ | ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ጸድቋል። ዕጣው ዓርብ ሰኔ 26 ማታ 12 ሰዓት ፒያሳ። ጄኔሬተር ያለው ካፌ ነው፣ መብራት ምክንያት አይሆንም። ስም የምታስገቡ እዚህ ጻፉ፤ ባርኔጣውን ጋሼ ያመጣሉ።